አፉ የሞላ አባት

አዛውንቱ በግራ ጎናቸው ተጋድመው ተገኙ። ከዘራቸው ከእጃቸው ርቆ ወንበር ሥር ገብቷል። ዐይናቸው አልተከደነም፤ ይተነፍሳሉ፤ አይናገሩም። ፊታቸው የዞረው ወደ ዓሣ ገንዳቸው ነበር።

በገንዳው ውስጥ ነፍስ ያለው ነገር አልቀረም።

ያገኘቻቸው አስታማሚያቸው ናት። ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውንና አንደበታቸውን ከወሰደባቸው ወዲህ የምታገላብጣቸውም የምታጎርሳቸውም እሷ ነበረች። መድኃኒት ልትገዛ ወጥታ ስትመለስ በሩን ገርበብ ብሎ አገኘችው። ገባች። ጮኸች። ጎረቤት ተሰበሰበ።

የክፍሉ አየር ዐይን ያቃጥላል። በረኪና በረኪና ይሸታል። ባዶው የበረኪና ጠርሙስ ከገንዳው አጠገብ ቆሟል፤ አስታማሚዋ የአዛውንቱን አንሶላ የምታጥብበት ነው። ያን ጠዋት አጥባ ነበርና እጇም ያንኑ ይሸታል።

ለጎረቤት ይኸ በቂ ነበር። ለፖሊስም በቂ ሆነ። ያን ዕለት አፍንጫ ዳኛ ሆኖ ዋለ።

መርማሪዋ በደረሰች ጊዜ ሴትዮዋ በመኪና ተጭና ሄዳለች፤ አዛውንቱም ወደ ሆስፒታል ተወስደዋል። የቀረው የጎረቤት ጫማ ያቦካው ወለል ብቻ ነው።

«ይኸን ሁሉ ሰው ማን አስገባው?» አለችው በሩ ላይ የቆመውን ፖሊስ።

«ራሳቸው ገቡ።»

«አንተስ ምን ልትሠራ ቆምክ? በሩን ልታስጌጥ?»

ፖሊሱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ነገሩ ግልጽ ነው እኮ። የአዛውንቱ ወዳጅ፣ ጡረተኛው ርእሰ መምህር፣ አሁን መጥተው አስረድተውናል። የገንዳው ውሃ እንደ ሻይ የቀላ ነበር። አስታማሚዋ ቆሻሻ መስሏት በበረኪና ልታጠራው ሞከረች። ሽማግሌው ሊከለክሏት ሲነሡ ገፋቻቸው።»

«እሳቸው ሲገፉ አይተዋል?»

«አላዩም።»

«ታዲያ ያስረዱህ ምኑን ነው?»

መርማሪዋ ወደ ገንዳው ተጠጋች። ውሃው እንደ መስኮት መስታወት ጠርቷል። ከሥር የተነጠፉት የደረቁ ቅጠሎች ወረቀት መስለው ነጥተዋል። ጥቃቅን ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል። የመስታወት ክዳኑ በቦታው ተገጥሞ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ እላዩ ላይ ተጭኗል።

ክዳኑን ትኩር ብላ አየችው።

የአዛውንቱ ልጅ መጣ። የመኪና ጎማ የሚሸጥ፣ እጁ በጥቁር ዘይት የታተመ ጎልማሳ ነው።

«ልጃቸው ነህ?»

«ነኝ መሰለኝ። እሳቸው ግን ልጅ የሚሏቸው እነዚህን ነበር» አለ፣ በአገጩ ገንዳውን እያመለከተ።

ጎረቤቶች ስለ እሱ የነገሯትን አስታወሰች። ባለፈው ሰሞን በዚሁ ክፍል ውስጥ «ይኸን ገንዳ አንድ ቀን መንገድ ላይ እከሰክሰዋለሁ!» ብሎ ጮኾ ነበር። የቤቱ ቁልፍም በኪሱ አለ።

«ብለሃል ወይስ አላልክም?»

«ብያለሁ። ምን አባቴ ልበል? ቤታችን ውስጥ በእግሬ ጣት ነበር የምራመደው። አታንኳኳ፣ አትሳቅ፣ መብራት አታብራ፣ ዓሣው ይደነግጣል! እኔ ልጅ ሳለሁ ስደነግጥ ማን ጨነቀው?»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ሱቄ። የጭነት መኪና ጎማ ስፈታ። ሾፌሩ ከነረዳቱ እላዬ ላይ ቆሞ ሲሳደብ ነበር፤ ሂጂና ጠይቂው፣ ስድቡን በቃሉ ይደግምልሻል።»

መርማሪዋ የሞቱትን ዓሦች በመረብ እያወጣች ትሪ ላይ ደረደረቻቸው። ልጁ ሊያይ አልፈለገም፤ ግን አየ። ከዚያም ፊቱ ተለወጠ።

«የሚወዱት የለም» አለ።

«የቱ?»

«ጉንጮ። እንዲህ ነው የሚሉት።» ተንበርክኮ ዓሦቹን በጣቱ አገላበጣቸው። «ቤታ የሚባሉ የዱር ዓሦች ናቸው፤ ቅጠል ያቀላውን ውሃ ይወዳሉ። እናቲቱ ዕንቁላል ትጥላለች፤ አባትየው በአፉ ይቀበላል። ጫጩቶቹ ተፈልፍለው መዋኘት እስኪችሉ ድረስ በአፉ ይዟቸው ይዞራል። እህል አይቀምስም። ጉንጩ ይነፋል። ከደነገጠ ግን ሁሉንም ይውጣቸዋል። ጉንጮም አፉ ሞልቶ ነበር፤ ለዚያ ነው ገንዳው ላይ ጨርቅ የጋረዱት።»

«ምናልባት ዘሎ ወጥቶ ይሆናል።»

«ክዳኑ ክፍት ነበር?»

«ዝግ ነበር። ድንጋዩም ተጭኖበታል።»

ልጁ ቀና ብሎ አያት። «እንግዲያው እኔን ተዪኝ። እኔ ክዳን ገጥሜ አላውቅም። አንዴ ክፍት ትቼው አንዱ ዘሎ ወጣና ከቁም ሣጥን ጀርባ ደርቆ ተገኘ። አባቴ ሰላምታዬን እንኳ አልቀበል ብለው ከረሙ።»

መርማሪዋ ቆማ አሰበች። ገንዳ ሙሉ ነፍስ በመርዝ የፈጀ ሰው ዓሣው ዘሎ እንዳይወጣ ለምን ይጠነቀቃል? የሞተ አይዘልም። ክዳኑን የገጠመው ሐሳብ አይደለም፤ ልማድ ነው። እጁ ራሱን ችሎ ይኸን የሚያደርግለት እንዲህ ያለ ዓሣ በቤቱ የሚያሳድግ ሰው ብቻ ነው።

ከሱቁ የተገኘው ምስክርነት ልጁ የተናገረውን አጸና። ሾፌሩ ስድቡን በእርግጥም በቃሉ ደገመው።

አስታማሚዋ ከፖሊስ ጣቢያው ማረፊያ ክፍል ስትወጣ ፀጉሯ ተበትኖ፣ ነጭ ጋውኗ ጨቅይቶ ነበር። ተቀመጭ ሳትባል አልተቀመጠችም።

«በረኪናው ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው። የሸተተው እጅም የኔ ነው። ጥፋቱንም የኔ አደረጉት፤ ሙሉ ሆነ እንግዲህ።»

«ስትወጪ እንዴት ነበሩ?»

«ደስ ብሏቸው። ጨርቁን ገለጥ እያደረጉ ያያሉ፣ መልሰው ይሸፍናሉ።»

«አንቺ ስትወጪ ማን ሊመጣ ይችላል?»

«ልጃቸው ቁልፍ አለው። ርእሰ መምህሩ ሲመጡ ደግሞ አባባ ራሳቸው እየተጎተቱ ይከፍቱላቸዋል፤ አንኳኳቸውን ያውቁታል። ሌላ ሰው አይመጣም።» ድንገት ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለች። «እህቴ፣ እኔ ሌላ ሀብት የለኝም። ያለኝ ሰው እናቱንና አባቱን አምኖ የሚሰጠው እጅ ነው። ሽማግሌ ገፈተረች ከተባልኩ ማን የታመመ ሰው ያስነካኛል? ፈቃዴንም ይነጥቁኛል። አባባን ጠይቂያቸው! ይሰማሉ። በግራ እጃቸው ይጨብጣሉ። ‹አዎ› ሲሉ ይጨብጣሉ፤ ‹አይ› ሲሉ ይተዉታል። ለእኔ ይመሰክሩልኛል።»

መርማሪዋ ይኸን ተስፋ ይዛ ወደ ሆስፒታል ሄደች።

ርእሰ መምህሩ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣ ጫማቸው የተወለወለ፣ ዐይናቸው በልቅሶ የቀላ። የወዳጃቸውን ግራ እጅ በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«ፈቀቅ ይበሉልኝ፣ ጋሼ» አለች መርማሪዋ።

እጁን እሷ ያዘችው። ሞቃት ነው። አዛውንቱ ያዩዋታል።

«አባባ፣ የገፋችዎ አስታማሚዎ ከሆነች እጄን ይጨብጡኝ።»

እጁ አልተንቀሳቀሰም።

«እሷ ካልሆነች ይጨብጡኝ።»

አልተንቀሳቀሰም።

«ሌላ ሰው ነበር? ያውቁታል?»

አዛውንቱ ዐይናቸውን ጨፈኑ። እጃቸው እንደ እርጥብ ጨርቅ መዳፏ ላይ ተንጠለጠለ።

«አትድከሚ ልጄ» አሉ ርእሰ መምህሩ። «አእምሮው ሸሽቷል። የሚያሳዝነው የዚያች ሴት ጭካኔ ነው። እንዲህ ያለችውን ሕግ ካልቀጣት፣ ትምህርቱ ምኑ ላይ ነው?»

«እርስዎም ዓሣ ያሳድጋሉ ይባላል።»

«ድሮ። ዛሬ ትቼዋለሁ። ዕድሜ ነው።»

ቀኖች አለፉ። አስታማሚዋ ከእስር አልወጣችም። ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡ ይዘጋልኝ እያለ ይወተውታል። መርማሪዋ እንደገና ወደ ሆስፒታል ሄደች፤ በዚህ ጊዜ ርእሰ መምህሩ አልነበሩም። የክፍሉን ነርስ በኮሪደሩ ላይ አገኘችው።

«አእምሯቸው ተመልሶ ይሆን?»

«መቼ ሄደና ይመለሳል?» አለ ነርሱ። «ውሃ ይፈልጋሉ ወይ ስላቸው ይጨብጡኛል። ራዲዮው ይዘጋልዎ ወይ ስላቸውማ ጣቴን ሊሰብሩት ምንም አልቀራቸው። ከእኔና ካንቺ የተሻለ አእምሮ አላቸው።»

መርማሪዋ ባለችበት ቀረች። እንግዲያው አልቻሉም ማለት አይደለም። አልፈለጉም።

«ጠያቂ ይመጣል?»

«ልጃቸው መጥቶ ከራስጌያቸው ቆሞ ይሄዳል። እኒያ ሽማግሌ ወዳጃቸው ግን አይቀሩም። በጆሯቸው ያንሾካሹካሉ። ያሳዝናሉ። የታመመ ልጅ ቤታቸው ያለ ይመስለኛል።»

«ከምን ተነሥተህ?»

«ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የሚሏቸው። ‹ዛሬም አልበላም። አፉ አሁንም ሙሉ ነው› ይሏቸዋል።»

መርማሪዋ ነርሱን ሳታመሰግን ወጣች።

የርእሰ መምህሩ ቤት ንጹሕ ነው። መጻሕፍት በመስታወት ውስጥ ተደርድረዋል። የምስጋና ወረቀቶች በክፈፍ ገብተው ግድግዳውን ሞልተውታል፤ «በሥነ ምግባሩ አርአያ ለሆነው» ይላል ከመካከላቸው ትልቁ። ርእሰ መምህሩ በትሕትና ወንበር ሳቡላት። አልተቀመጠችም። አብሯት የመጣውን ፖሊስ በሩ ላይ አቁማ በቀጥታ ወደ ጓዳ ገባች።

ከማእዘኑ ላይ በብርድ ልብስ የተሸፈነ ነገር አለ።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«ባዶ ገንዳ ነው ልጄ። ተክል አበቅልበታለሁ። ብርሃን እንዳይጎዳው ነው የሸፈንኩት።»

«ተክል ብርሃን ይጎዳዋል?»

«አንዳንዱን።»

«እንየው እንግዲህ» አለችና የብርድ ልብሱን ጫፍ በኃይል ጨበጠች።

«ቀስ!» ድምፁ የአንድ የተከበረ ሽማግሌ ድምፅ አልነበረም። «ቀስ በይ! በቀስታ! ይውጣቸዋል!»



«ማን ነው የሚውጠው?» አለች መርማሪዋ። «ባዶው ገንዳ?»

የብርድ ልብሱን ጫፍ በሁለት ጣት፣ በዝግታ፣ ከፍ አደረገችው። ውሃው እንደ ሻይ ቀልቷል። በቅጠሎቹ መካከል ጭንቅላቱ ከሰውነቱ የገዘፈ፣ ጉንጩ የተነፋ፣ ጎኑ ከረኀብ የተነሣ የገባ ትንሽ ዓሣ ቆሞ ክንፉን ያወዛውዛል። መልሳ ሸፈነችው። እስከዚያች ቅጽበት በአፏ የነበረው አንቱታም አብሮ ወደቀ።

«ተቀመጥ» አለችው።

ተቀመጠ።

«ተናገር።»

«እኔም ስንት ጊዜ ሞከርኩ» አለ። «ሁልጊዜ ይውጥብኛል። እሱ ደግሞ፣ ገና አንደበቱ ሳይታሰር፣ በወዳጆቻችን ፊት ‹አንተ ትዕግሥት የለህም፤ ክዳኑን እየከፈትክ በባትሪ ታፈጥበታለህ፤ ዓሣ ይቅርና ድንጋይ አይረባልህም› ብሎኝ ነበር። ሳቁብኝ። በትምህርት ቤቱ እኔ አዛዥ፣ እሱ ተራ የሥነ ሕይወት መምህር ነበር! አንድ ጥንድ ስጠኝ ብዬ ለመንኩት። ከልክሎኝ ነው የታመመው።»

«ያን ቀንስ?»

«ጨርቁን ገልጦ አሳየኝ። በግማሽ አፉ ይስቅ ነበር። በእኔ ነው የሳቀው።»

«ወይም ደስ ብሏቸው ነበር።»

«በእኔ ነው!» አለ፣ ጉልበቱን በቡጢ እየመታ። «መረቡን አነሣሁ። እሱም ከዘራውን አነሣብኝ። ገፋሁት።»

«በረኪናውስ?»

«ከአንድ ገንዳ አንድ ዓሣ ብቻ ቢጠፋ፣ የወሰደው ዓሣ የሚያውቅ ሰው ነው ይባላል። ሁሉም ካለቁ ግን የቱ እንደጎደለ ማን ይመረምራል? ቅጠሉን ቆሻሻ መስሏት ነው የሚለውን ሁሉም ሰው ያምናል። እሷ ወጣት ናት፤ ሌላ ሥራ አታጣም ብዬ ነው።»

«እሳቸው ወለሉ ላይ ሆነው ያዩህ ነበር?»

«ክዳኑን ስገጥም አየኝ።»

«ክዳኑን ለምን ገጠምከው?»

ርእሰ መምህሩ ጥያቄው አልገባውም። «ክዳንማ ይገጠማል» አለ።

መርማሪዋ ጥርሷን ነከሰች። ስንት ትውልድ በዚህ ሰው ፊት ተሰልፎ ቆሟል? ስንቱን ልጅ እርሳስ ሰረቅህ ብሎ ቀጥቷል? እንዲህ ያለው ሰው ሌባ ከተባለው ሌባ የከፋ ነው፤ ሌባው ቢያንስ በግድግዳው ላይ ምስጋናውን አልሰቀለም።

«በጆሯቸው ምን ነበር የምታንሾካሹከው?»

አንገቱን ደፋ። «እንዲያውቅ ብዬ ነው። ‹አፉ ሙሉ ነው፤ ደኅና ነው። ፖሊስ ቤቴ ከገባ ግን ይደነግጥና ይውጣቸዋል› አልኩት። ገባው።»

«በምን አወቅህ?»

«እጄን ጨበጠኝ።»

ፖሊሱ ይዞት ሲወጣ ልመናው ስለ ራሱ አልነበረም፤ ስለ ወዳጁም፣ ስለ አስታማሚዋም አልነበረም። ወደ ክፍሉ ብዙ ሰው አይግባ፣ በሩም በኃይል አይዘጋ ይላል። የሚሰማው አላገኘም።

መርማሪዋ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በአዛውንቱ አልጋ አጠገብ ቆመች። ልጃቸው በወዲያኛው በኩል ቆሟል። እጃቸውን ያዘች።

«አባባ፣ የገፋዎትን ይዘነዋል።»

እጁ ዝም አለ።

«አስታማሚዎ እስር ቤት መሬት ላይ ነው የከረመችው። ያውቁ ነበር?»

እጁ ዝም አለ።

«ጉንጮ ደኅና ነው። አልዋጣቸውም።»

እጁ ጨበጣት። አጥንቷ እስኪያማት ጨበጣት። የአዛውንቱ ዐይን በእንባ ሞላ፤ በሚሠራው ግማሽ ከንፈራቸው ፈገግ አሉ።

መርማሪዋ እጇን መንጭቃ አወጣች።

«ለዓሣ የሚጨብጥ እጅ ለሰው ሞተ?» አለች። ድምፅዋ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። «እሱ ክፉ አደረገ፤ እርስዎ ግን ክፋቱን ከእሱ ጋር ተካፈሉት። የሱ ቅናት ነው። የእርስዎን ምን እንበለው? እሱ ያሳሰራትን እርስዎ አቆዩአት። ጫጩቶቹ እስኪወጡ ድረስ ትበስብስ አሉ!»

ልጁ ጣልቃ አልገባም። «እኔ ብሆንም ያው ነበር» አለ፣ በዝቅተኛ ድምፅ። «ለእኔም አይጨብጡልኝም ነበር።» ከዚያ ወጥቶ ሄደ።

አስታማሚዋ በማግስቱ ተፈታች። መርማሪዋ ራሷ በር ድረስ ሸኘቻት።

«አባባ መሰከሩልኝ አይደል?» አለች አስታማሚዋ። ፊቷ በራ። «ብዬሻለሁ እኮ! ይሰማሉ ብዬሻለሁ።»

መርማሪዋ ልትዋሽላት ትችል ነበር። ውሸቱ ግን ይህችን ሴት መልሶ ከዚያ አልጋ ጋር የሚያስር ሰንሰለት እንደሚሆን ታያት። ሁሉንም ነገረቻት። አስታማሚዋ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ ሆስፒታል ሄደች።

አዛውንቱ ሲያዩዋት ፊታቸው ተፈታ። ሌላ ሰው ያላስተካከለው ትራስ ነበር፤ አስተካከለችው። ጀርባቸው እንዳይቆስል በጎናቸው አገላበጠቻቸው። ከንፈራቸው ደርቆ ስለነበር በጥጥ አረጠበችው። ብርድ ልብሱን እስከ ደረታቸው ሳበችላቸው። ሥራዋን አንድም ሳታጎድል ጨረሰች።

«አባባ» አለች፣ «ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ሰው ይመጣልዎታል።»

ዞራ ልትሄድ ስትል ግራ እጃቸው ተወርውሮ የጋውኗን ጫፍ ያዘ። ጨበጠ። አንዴ፤ ደግሞ ደጋግሞ።

አስታማሚዋ ጎንበስ አለች። ጣቶቻቸውን ከጋውኗ ላይ አንድ በአንድ፣ ሳታሳምም፣ አላቀቀቻቸው። እጁን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀምጣ ወጣች።